ዝናቡ በጀት አይጠብቅም፦ ብሔራዊ የግብርና ምርምር የሚሰበርባቸው ቦታዎች

በ2010 (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ቢጫ ዋግ የተባለው የሰብል በሽታ በኢትዮጵያ ኩብሳ የተባለውን የስንዴ ዝርያ ክፉኛ ጎዳው። ገበሬው ኩብሳን እየተወ ወደ ዲገሉ ዞረ። ዲገሉ ቢጫ ዋግን ይቋቋም ነበር፤ መጀመሪያ በኡጋንዳ ተለይቶ የዓለምን የስንዴ ተመራማሪዎች ያስደነገጠውን፣ ዩጂ99 የሚባለውን የግንድ ዋግም ይቋቋም ነበር። ሦስት ዓመት ቆየ። በ2013 መኸር ሌላ ዓይነት የግንድ ዋግ በባሌና በአርሲ ዲገሉ ላይ ወረደበት። ክፉኛ በተመቱት ማሳዎች ምርቱ ከሞላ ጎደል ጠፋ።

ዲገሉ ሲለቀቅ ጥሩ ዝርያ ነበር፤ የተለወጠው በሽታው ነው። የግብርና ምርምርን ከመንገድ ወይም ከግድብ ሥራ የሚለየው ይህ ነው። መንገድ ተሠርቶ ይመረቃል፣ ከዚያ ጥገናው ይከተላል። ምርምር ግን አብዛኛው ሥራው ጥገና ነው። ዋጉ ይለወጣል፣ ተባዩ ይላመዳል፣ ዝናቡ ይዛባል፣ አፈሩ ይኮመጥጣል። ለሦስት ዓመት ምርምሩን ያቆመች አገር ባለችበት አትቆምም፤ ወደ ኋላ ትሄዳለች። ስለዚህ ብሔራዊ ምርምርን ማጠናከር ሲባል አዲስ ሕንፃና አዲስ ላቦራቶሪ ብቻ የሚታያቸው ሰዎች ዋናውን ነገር እየሳቱት ነው። ዋናው ነገር አለመቋረጥ ነው። የሚቋረጥባቸው ቦታዎች ደግሞ የታወቁ ናቸው፤ የአብዛኞቹ መድኃኒትም ከአንድ ሕንፃ ዋጋ በታች ነው።

ከውጭ ማምጣት ለምን አይበቃም?

ይህን ጥያቄ የገንዘብ ሚኒስቴር ሰዎች ደጋግመው ያነሡታል፤ ጥያቄያቸውም አግባብ አለው። ሲሚት የተባለው ዓለም አቀፍ የምርምር ማዕከል ስንዴና በቆሎ ያዳቅላል፣ ኢሪ የተባለው ደግሞ ሩዝ ያዳቅላል፤ ዘራቸውንም ለጠየቀ አገር ይልካሉ። ታዲያ ራስን ችሎ ማዳቀል ለምን አስፈለገ?

አንደኛ፣ የሚላከው ቁስ የተጠናቀቀ ዝርያ አይደለም። በፖስታ የሚመጡት መቶና ሁለት መቶ መስመሮች (ገና ዝርያ ተብለው ያልጸደቁ የዘር ዓይነቶች) በየአካባቢው ተዘርተው፣ ከዚያ መካከል አምስት ወይም ስድስቱ ብቻ ይመረጣሉ። ያን የሚመርጥ ሰው፣ መሬትና ሚዛን ከሌለ ፖስታው መጋዘን ውስጥ ይቀራል። ሁለተኛ፣ አፈር አይላክም። ብራዚል በ1973 ኤምብራፓ የተባለውን ብሔራዊ የግብርና ምርምር ተቋሟን ስታቋቁም ሴራዶ የተባለው ሰፊ ሜዳ በአሲዳማነቱና በአሉሚኒየም መርዛማነቱ ምክንያት ለእርሻ የማይመች ተደርጎ ይታይ ነበር። የኖራ መጠኑን፣ የፎስፈረስ አሰጣጡን፣ ለሐሩር ክልል የሚስማማውን አኩሪ አተርና ከአኩሪ አተሩ ሥር ጋር ናይትሮጅን የሚያበጀውን ባክቴሪያ ያገኙት የአገሪቱ ተመራማሪዎች እዚያው መሬት ላይ ሆነው ነው። ከሌላ አገር የሚቀዳ መልስ አልነበረም።

ሦስተኛው ምክንያት ከሁሉ ይከብዳል፤ ሌላው ዓለም ብዙም የማይሠራባቸው ሰብሎች አሉ። ጤፍ ዋና ምሳሌ ነው። አበባው ለዓይን በጭንቅ የሚታይ በመሆኑ ጤፍን ማዳቀል አይቻልም ይባል ነበር። አበባው በማለዳ ለአጭር ጊዜ እንደሚከፈትና በዚያች ሰዓት ማዳቀል እንደሚቻል በ1974 የደረሰበት ኢትዮጵያዊው ተመራማሪ ታረቀ በርሄ ነው። ከዚያ የማዳቀል ሥራ በ2006 ቁንጮ የተባለው ዝርያ ወጣ፤ የአንዱን ወላጅ ምርታማነት ከሌላው ወላጅ ነጭ ፍሬ ጋር ያጣመረ ነው። ያ ተመራማሪ ማለዳ ማለዳ አበባ የሚመለከትበት ማዕከል ባይኖር ኖሮ በዓለም ላይ ሌላ ተቋም ያን ጥያቄ አይጠይቅም ነበር።

ከማዳቀል እስከ መልቀቅ

ራሱን በራሱ የሚያራባ ሰብል፣ ለምሳሌ ስንዴ፣ በተለመደው መንገድ ሲሻሻል አካሄዱ እንዲህ ነው። በመጀመሪያው ዓመት ሁለት ወላጆች ይዳቀላሉ። በሁለተኛው የመጀመሪያው ትውልድ ይዘራል። ከዚያ ከሁለተኛው እስከ ስድስተኛው ትውልድ አምስት ወቅት ይሄዳል። በሁለተኛው ትውልድ በሁለቱ ወላጆች መካከል ከሚለያዩት ጂኖች ግማሹ ገና አልረጋም፤ በየትውልዱ ያ በግማሽ እየቀነሰ በስድስተኛው 3 በመቶ ገደማ ይደርሳል። ዝርያው የረጋ የሚባለው ያኔ ነው። ቀጥሎ አንድ ዓመት የመጀመሪያ ደረጃ የምርት ሙከራ፣ ሁለት ዓመት በብዙ ቦታ የሚካሄድ ብሔራዊ ሙከራ፣ አንድ ዓመት በገበሬ ማሳ ማረጋገጫ ይደረጋል። ሲደመር ወደ 11 ዓመት ነው።

ይህን ማሳጠር ይቻላል። የስንዴ አዳቃዩ ኖርማን ቦርሎግ በሜክሲኮ እንዳደረገው በሁለት የተለያዩ አካባቢዎች እያፈራረቁ በዓመት ሁለት ትውልድ መውሰድ አንዱ መንገድ ነው፤ በመስኖ በበጋ መዝራት ሌላው ነው። በቀን 22 ሰዓት ብርሃን በሚሰጥ ክፍል ውስጥ ደግሞ ስንዴን በዓመት እስከ ስድስት ትውልድ ማድረስ ተችሏል። ይሁንና ለዚህ መብራት የማይቋረጥበት ክፍል ያስፈልጋል። ጄኔሬተርና የነዳጅ በጀት ሳይያዝለት የሚገዛ የብርሃን ክፍል ከጥቂት ወራት በኋላ ዕቃ ማስቀመጫ ይሆናል። አስተማማኝ የመስኖ ጉድጓድና ፓምፕ ለብዙ ማዕከላት የተሻለ መነሻ ነው ብለን እናምናለን።

እንግዲህ 11 ዓመት የሚፈጅ ሥራ የሚሠራው በሦስት ዓመት ፕሮጀክትና በአንድ ዓመት በጀት ነው። ስብራቱ እዚህ ይጀምራል።

ገንዘቡ የሚደርስበት ቀን

የበጀት ዓመት በሐምሌ የሚጀምርባቸውን፣ ዋናው ዝናብም በዚያው ሰሞን የሚገባባቸውን አገሮች እንውሰድ። በጀት በሐምሌ ይጸድቃል፤ እስኪከፋፈል፣ እስኪፈቀድ፣ ግዥ እስኪፈጸም መስከረም ይሆናል። መዘራት ያለበት ግን በሰኔ መጨረሻና በሐምሌ ነበር። ማዕከሉ ያለው ምርጫ ሦስት ነው፦ በብድር መዝራት፣ ዘግይቶ መዝራት፣ አለመዝራት።

ዘግይቶ የተዘራ ሙከራ ካልተዘራ ይከፋል። ያልተዘራ ሙከራ መረጃ አይሰጥም፤ ዘግይቶ የተዘራ ግን የተሳሳተ መረጃ ይሰጣል። ዝናቡ ቀድሞ ስለሚያልቅበት ቶሎ የሚደርሱት መስመሮች ያለ አግባብ ይመረጣሉ፣ ዘግይተው የሚደርሱትና ለዝናባማ አካባቢ የሚሆኑት ይጣላሉ። የዚያ ስሕተት ውጤት የሚታየው ከአምስት ዓመት በኋላ ስለሆነ ማንም ወደ ዘገየው ክፍያ መልሶ አያገናኘውም።

ሌላም አለ፤ ወፍ ጥበቃ። ፍሬው ወተት ከሚቋጥርበት ጀምሮ እስከ አጨዳ ለሦስት ሳምንት ያህል ከንጋት እስከ ምሽት ጠባቂ መቆም አለበት። የቀን ሠራተኛ ክፍያ ሲቋረጥ ጠባቂው ይቀራል። ወፉ ደግሞ የሚያገኘውን ሁሉ እኩል አይበላም። ከሁሉ ቀድሞ የደረሰው መስመር ላይ ይሰፍራል፤ በአካባቢው ሌላ የደረሰ እህል የለምና። መዝገቡ ላይ የሚጻፈው «ዝቅተኛ ምርት» ነው፤ መስመሩም ይወድቃል። የወደቀው ግን ድርቅ ሳይመጣ ቶሎ የሚያመልጠው፣ ዝናብ አጠር ለሆነው አካባቢ ገበሬ ይበጅ የነበረው ነው። የጥቂት ሰዎች የሃያ ቀን ደመወዝ ባለመከፈሉ የአሥር ዓመት ሥራ እንዲህ ይጠፋል።

መፍትሔው በወረቀት ደረጃ ቀላል ነው። እያንዳንዱ ማዕከል የአንድ ወቅት የሥራ ማስኬጃ የሚሆን ተንከባላይ ገንዘብ በእጁ ይኑረው፤ በጀቱ ሲለቀቅ ይተካል፤ በየዓመቱ ኦዲት ይደረጋል። ያላለቀ ገንዘብ በበጀት መዝጊያ ወደ ግምጃ ቤት ተመላሽ የሚደረግበት ሕግ ለምርምር ልዩ አንቀጽ ይበጅለት፤ በሰኔ መጨረሻ የተዘራ በሚቀጥለው በጀት ዓመት ነው የሚታጨደው። የመደበኛ በጀቱ ክፍፍልም መታየት አለበት። በብዙ አገሮች ደመወዝ የበጀቱን እጅግ ብዙ ድርሻ ይወስዳል፤ ለነዳጅ፣ ለውሎ አበል፣ ለማዳበሪያ፣ ለከረጢትና ለኬሚካል የሚተርፈው ጥቂት ነው። ተሽከርካሪ የሌለው ተመራማሪ ከደመወዙ በቀር ወጪ የለውም፣ ውጤትም የለውም። በእኛ አመለካከት ከመደበኛው በጀት ቢያንስ ሲሶው ለሥራ ማስኬጃ ተለይቶ ሊጠበቅ ይገባል፤ ይህን ማድረግ የሚከብድ ከሆነ ተጨማሪ ሠራተኛ መቅጠር ቆሞ ያሉት ይሠሩበት ዘንድ ይመደብላቸው።

ስለ ጠቅላላ መጠኑ፣ በአፍሪካ ከግብርናው ዘርፍ አጠቃላይ ምርት ዋጋ ቢያንስ 1 በመቶው ለምርምር እንዲውል ግብ ተቀምጧል፤ ከሰሃራ በታች ካሉት አገሮች አብዛኞቹ ከዚያ በታች ናቸው። ይሁን እንጂ መጠኑ ቢጨምርም ቀኑን ካልጠበቀ የሚባክነውም አብሮ ይጨምራል።

መቶ ግራም ስንት ኩንታል ነው?

የሙከራ መደብ፣ አንድ መስመር የሚፈተንበት ቁራሽ መሬት፣ ትንሽ ነው። ስድስት ረድፍ፣ በረድፎች መካከል 20 ሳንቲ ሜትር፣ ርዝመቱ 2.5 ሜትር ይሁን። ዳር ያሉት ሁለት ረድፎች ብርሃንና አፈር በብዛት ስለሚያገኙ ከመሃሉ በላይ ያፈራሉ፤ ስለዚህ የሚታጨዱት የመሃሎቹ አራት ናቸው፤ ስፋታቸው 2 ካሬ ሜትር ነው። ከዚህ 800 ግራም ቢገኝ በሄክታር 40 ኩንታል ይሆናል።

አሁን ስሕተቱን እንመልከት። ሲወቃ 100 ግራም ቢፈስ ወይም ሚዛኑ በ100 ግራም ቢዛነፍ በሄክታር 5 ኩንታል ተሳስተናል። መተላለፊያው ሲጠረግ ረድፉ ወደ 2.3 ሜትር አጥሮ ስሌቱ ግን በ2.5 ከተሠራ ምርቱ በ8 በመቶ ዝቅ ብሎ ይመዘገባል። የእርጥበቱ መጠን 18 በመቶ ሆኖ ሳለ ወደ ተለመደው 12.5 ሳይመለስ ከቀረ 40 የተባለው በትክክል 37.5 ኩንታል ነው። የማስተካከያው ስሌት የተገኘውን ምርት ከ100 እርጥበቱን ቀንሶ በቀረው ማባዛትና በ87.5 ማካፈል ነው፤ ግማሽ ደቂቃ አይፈጅም።

ይህ ለምን ያስጨንቃል? ጥሩ የሚባል የማዳቀል ፕሮግራም በአማካይ በዓመት 1 በመቶ አካባቢ የምርት ዕድገት ያመጣል። የእርጥበት መለኪያ ባለመኖሩ የመጣው የ6 በመቶ ስሕተት የስድስት ዓመት ዕድገት ያህል ነው። በሌላ አነጋገር፣ ባትሪው ያለቀበት መለኪያ የስድስት ዓመት ሥራ ሊሸፍን ይችላል።

ስለዚህ ለሚሊዮኖች የሚገዛ የዘረመል ማሽን ከመጠየቁ በፊት በየማዕከሉ እነዚህ መኖራቸው ይረጋገጥ፦ ክብደቱ በታወቀ ብረት በየወቅቱ የሚፈተሽ ሚዛን፣ የሚሠራ የእርጥበት መለኪያ፣ የመደብ ማጨጃና መውቂያ፣ ዝናብ የማያጠፋው መለያ፣ መረጃ በዕለቱ የሚገባበት ታብሌት። በእያንዳንዱ ሙከራ ውስጥ ገበሬው አሁን የሚዘራው ምርጥ ዝርያ ለማወዳደሪያ ይግባ። አሮጌና የተሸነፈ ዝርያን ማወዳደሪያ አድርጎ «በ40 በመቶ የሚበልጥ» ማለት በየዓመቱ የሚታይ ጥፋት ነው። እያንዳንዱ መስመር ሦስት ወይም አራት ጊዜ ይደገም። በመደቦች መካከል ያለው ያልተብራራ ልዩነት፣ ሲቪ የሚባለው፣ ከ20 ወይም ከ25 በመቶ ካለፈ ሙከራው ይጣል። ይህ የመጨረሻው ከባዱ ነው። ሙከራ የጣለ ተመራማሪ በግምገማ ላይ ዝቅተኛ ውጤት የሚሰጠው ከሆነ ማንም አይጥልም፤ መጥፎው መረጃ ከጥሩው ጋር ተደባልቆ ወደ ዝርያ አጽዳቂው ኮሚቴ ይሄዳል።

እዚህ ላይ የማዕከላት ብዛት ጉዳይ ይነሣል። አካባቢው ሁሉ ማዕከል ይፈልጋል፤ ተመራጮችም ይጠይቃሉ። ነገር ግን ሠላሳ ደካማ የሙከራ ቦታ ከአሥር ጥሩ ቦታ ያነሰ ያስተምራል። ቦታ የሚመረጠው በሚፈትነው ነገር ነው፦ ዋግ በየዓመቱ የሚነሣበት፣ ድርቅ የሚያጠቃው፣ አሲዳማው፣ ውሃ የሚያቁረው። ከእነዚህ አንዱን የማይፈትን ጣቢያ የዘር ማባዣ ቢሆን ይሻላል።

ሰው

ኤምብራፓ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት በሕንፃ ፋንታ በሰው ላይ ገንዘብ አፍስሷል፤ ወጣት ባለሙያዎችን በብዛት ለሁለተኛና ለሦስተኛ ዲግሪ ልኮ፣ ሲመለሱ የሚሠሩበትን አዘጋጅቶ ጠበቃቸው። የኋለኛው ግማሽ ነው ብዙ ጊዜ የሚረሳው። አምስት ዓመት ተምሮ የተመለሰ አዳቃይ የሚሠራበት መሬትና ተሽከርካሪ ካላገኘ በሁለት ዓመት ውስጥ ወደ ዓለም አቀፍ ድርጅት ይሄዳል። ደመወዝ አንዱ ምክንያት ነው፤ ሥራ መፍታት ግን ይበልጣል።

አንድ ሰው ሲሄድ የሚጠፋው ሰውየው ብቻ አይደለም። የትኛው መስመር ከየትኞቹ ወላጆች እንደመጣ፣ በየትኛው ዓመት በረዶ እንደመታው፣ የትኛው ከረጢት ተቀላቅሎ እንደነበር የሚያውቀው እሱ ነው። ስለዚህ ለእያንዳንዱ ዋና ሰብል ቢያንስ ሁለት አዳቃይ፣ አንዱ ቀደም ያለ አንዱ ጀማሪ፣ አብረው መሥራት አለባቸው። የመስክ መዝገብ የተቋሙ ንብረት ነው፤ ወቅቱ ሲያልቅ ቅጂው ይገባል፣ የዘር ክምችቱ ይቆጠራል፣ ካልገባ መልቀቂያ አይሰጥም።

የደረጃ ዕድገት መመዘኛውም ሰዎቹ ምን እንደሚሠሩ ይወስናል። ነጥቡ ሁሉ ለታተመ ጽሑፍ ከተሰጠ፣ በየዓመቱ ዋግ ፍለጋ አንድ ሺህ ኪሎ ሜትር የሚዞረው ባለሙያ ይጎዳል፤ ያ ዙረት ለመጽሔት የሚሆን አዲስ ግኝት ሁልጊዜ አይሰጥም። የቅኝት ሪፖርቱ በወቅቱ መድረሱ፣ የአራቢ ዘሩ (አዳቃዩ ራሱ የሚያዘጋጀው የመጀመሪያው ዘር) ንጽሕና፣ ዝርያው በገበሬ እጅ መገኘቱ ነጥብ ይሰጣቸው። ድንበር ተሻግሮ መሥራትም እንዲሁ ይቆጠር። በ2011 በኬንያ ቦሜት ገዳዩ የበቆሎ ቫይረስ በሽታ ሲነሣ፣ በ2013 በናይቫሻ የጋራ መፈተኛ ጣቢያ ተከፍቶ የብዙ አገሮች በቆሎ እዚያ ሲፈተን ቆይቷል። እዚያው ኬንያ ያለው የንጆሮ የምርምር ጣቢያም ለስንዴ ግንድ ዋግ ተመሳሳይ አገልግሎት ሰጥቷል። በሽታው ገና ያልገባባት አገር ሳይገባባት ዝርያዋን የምታውቅበት ዋናው መንገድ ይህ ነው።

ሃምሳ ኪሎ ዘር

ዝርያ ጸደቀ እንበል። ተመራማሪው እጅ ያለው 50 ኪሎ የአራቢ ዘር ነው። ስንዴ በሄክታር 150 ኪሎ ተዘርቶ 30 ኩንታል ቢሰጥ አንዱ ሃያ ይሆናል። 50 ኪሎው በአንድ ወቅት 10 ኩንታል ቅድመ መስራች ዘር፣ በሁለተኛው 200 ኩንታል መስራች ዘር፣ በሦስተኛው 4 ሺህ ኩንታል የተረጋገጠ ዘር ይሆናል። ይህ 2,670 ሄክታር ገደማ ያዘራል። አንድ ዙር ሲጨመር ከ53 ሺህ ሄክታር በላይ ይደርሳል። በማበጠሪያ የሚወድቀው ሲቀነስ ቁጥሩ ዝቅ ይላል፤ ጊዜው ግን አይቀንስም።

ታዲያ ያንን 50 ኪሎ ማን ያባዛል? የምርምር ተቋሙ «ዘር ማባዛት የእኔ ሥራ አይደለም» ይላል። የዘር ድርጅቱ «ከ200 ኩንታል በታች አልረከብም» ይላል። በሁለቱ መካከል ዝርያው ዓመት፣ ሁለት ዓመት ይተኛል፤ ዋጉ ግን አይተኛም። መፍትሔው ማባዛቱን ከማጽደቁ ጋር ጎን ለጎን ማስኬድ ነው። ዝርያው በመጨረሻው የማረጋገጫ ዓመት ላይ ሳለ ተስፋ የተጣለባቸው ሁለት ወይም ሦስት መስመሮች በበጋ መስኖ ይባዙ። ሁለቱ ቢወድቁ የሚባክነው ለምግብ የሚውል እህል ነው፤ የሚተርፈው አንድ ሙሉ ዓመት ነው። ለቅድመ መስራች ዘር የራሱ ክፍል፣ የራሱ መሬትና ዘር ድርጅቶች ከአንድ ዓመት በፊት ቀብድ ከፍለው የሚያዙበት ውል ይኑረው። የሽያጩ ገቢ ወደ ተንከባላዩ ገንዘብ ይግባ።

በገበሬ ማሳ ላይ ያለው ፈተናም አይዘለል። በማዕከሉ ሙሉ ማዳበሪያ ጠጥቶ 50 ኩንታል የሰጠ ዝርያ በገበሬ መሬት ተሸንፎ ይገኛል። ምርቱ ቢበልጥም ገለባው ለከብት የማይሆን፣ ሊጡ የማይነሣ፣ በውቂያ ጊዜ የማይላቀቅ ከሆነ ይተዋል። ይህን ለማወቅ በስድስተኛው ትውልድ አካባቢ ወንዶችና ሴቶች ገበሬዎች ለየብቻ ማሳውን ዞረው ይምረጡ። ለየብቻ የሚባልበት ምክንያት አለ፤ አንዱ ስለ ገለባ ያስባል፣ ሌላዋ ስለ ወፍጮና ስለ ምጣድ፤ በአንድ ላይ ሲጠየቁ አንዱ ድምፅ ይጠፋል።

ምን ይቆጠር?

ተቋማት በየዓመቱ «ይህን ያህል ዝርያ ለቀናል» ብለው ያስመዘግባሉ። ያ ቁጥር ከመጋዘን ያልወጣውንም ዝርያ ይቆጥራል። የተሻለው መለኪያ በገበሬ ማሳ ላይ ያለው ዝርያ አማካይ ዕድሜ ነው፦ እያንዳንዱ ዝርያ ከተለቀቀ ስንት ዓመቱ እንደሆነ፣ በሸፈነው መሬት ድርሻ ተባዝቶ ይደመራል። ለምሳሌ ግማሹ መሬት በ20 ዓመት ዝርያ፣ 30 በመቶው በ10 ዓመት፣ 20 በመቶው በ4 ዓመት ዝርያ ከተዘራ አማካዩ 13.8 ዓመት ነው። ዋግ በሦስት ዓመት ውስጥ ዲገሉን እንዳሸነፈ ላስታወሰ ሰው ይህ ቁጥር አደጋውን ይነግረዋል።

ቁጥሩን ለማግኘት ገበሬውን ስም መጠየቅ ብቻ አይበቃም፤ አንድ ዝርያ በየመንደሩ ሌላ ስም አለው፣ ሁለት ዝርያም በአንድ ስም ይጠራል። በዘፈቀደ ከተመረጡ ማሳዎች ቅጠል ወይም ፍሬ ተሰብስቦ ዘረመሉ ከማዕከሉ ናሙና ጋር ይነጻጸራል። ይህ በሦስት ዓመት አንዴ ቢሠራ፣ ውጤቱም በሰብልና በአካባቢ ተለይቶ ከምርምሩ የበጀት ጥያቄ ጋር በአንድ ሰነድ ለምክር ቤት ቢቀርብ፣ አባላቱ ስለ ምርምር የሚጠይቁት ጥያቄ ከ«ስንት ለቀቃችሁ?» ወደ «በእኔ አካባቢ ገበሬው እጅ ያለው ስንት ዓመቱ ነው?» ይለወጣል።